በእኔ በኩል ስታልፊ

እጅሽን ስሜ ልጀምር እማዬ።

እንደምን ከረምሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ ቅባቱ ረዳሽ? ዐይንሽስ? ክር መርፌ ውስጥ ለመክተት ሚጣን ትጠሪያለሽ ወይስ እንደ ድሮው እልህ ይዞሽ ሦስት አራቴ ትሞክሪያለሽ? አጎቴን ሳሉ ለቀቀው? የስፌት ክፍሉ ጣሪያ ማፍሰሱን ተወ? እኔ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ወገቤን ትንሽ ያመኛል፤ እሱም የሥራው ነው፣ ስተኛ ይተወኛል። ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ደብዳቤ ላይ እንዲያ ይባላልና። ዘንድሮ ግን የጎደለብኝ ነገር አለ፣ ብዕር ያነሣሁትም እሱኑ ልነግርሽ ነው።

ሚጣ እህቴ፣ ይህን የምታነቢላት አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። እማዬ መነጽሬ ጠፋ ብላ ላንቺ ትሰጥሻለች። አደራሽን፣ መስመር እየዘለልሽ እንዳታነቢ። ልጅ ሆነሽ የትምህርት ቤት ውጤትሽን ስታነቢላት የወደቅሽበትን ትዘይው ነበር። ይኼኛው እንዲያ አይሆንም። ክፉውንም ደጉንም እንደተጻፈው አንብቢላት። ድምፅሽ ከተያዘ ውኃ ጠጪና ቀጥይ።

እማዬ፣ ወንድሜን ልትድሪ እሱ ወዳለበት አገር ልትሄጂ እንደሆነ ሰማሁ። ያመለጠው እሱ ራሱ ነው፣ ስልክ ላይ። ስለ ሠርጉ አዳራሽ ሲያወራ ሲያወራ ቆይቶ አንቺና የሙሽሪት እናት አብራችሁ እንደምትመጡ፣ መንገድ ላይም እኔ ባለሁበት አውሮፕላን ማረፊያ ወርዳችሁ ሦስት ሰዓት ተኩል ጠብቃችሁ ሌላ አውሮፕላን እንደምትይዙ ነገረኝ። መቼ ነው ብዬ ስጠይቀው አልነገረችሽም እንዴ አለኝ። ነግራኛለች እንጂ አልኩት። ምን ልበለው? እናቴ በደጄ ልታልፍ ነው፣ እኔ ግን የሰማሁት ካንተ ነው ልበለው? ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ደወልኩልሽ። አንድ ቀን ደንበኛ አለብኝ አልሽ። አንድ ቀን መስመሩ ይቆራረጣል ብለሽ ስልኩን ለሚጣ ሰጠሽ፤ ሚጣ ስታወራኝ ግን ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻላል አልኩ። የምታመጣልሽ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት፣ ለዕረፍት ስትመጣ። ደህና አድርገሽ ተቀበያት፣ እሷ ምንም አላጠፋችም።

ቂሜን ለጊዜው ላስቀምጠውና መጀመሪያ ስለ በረራው ልንገርሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የምትበሪው፣ እኔ ካልነገርኩሽ ማን ይነግርሻል? የሙሽሪት እናት ሦስት ጊዜ በረዋል አሉ። አንቺ ደግሞ ከምታፍሪ ብትሞቺ የምትመርጪ ሴት ነሽ፣ አላውቅም ብለሽ እሳቸውን እንደማትጠይቂ አውቃለሁ።

ከሁሉ በፊት ወረቀትሽን ልብስሽ ውስጥ እንዳትሰፊው። አሁንም ሐሳቡ ሳይመጣልሽ አይቀርም። እኔ ስመጣ ፓስፖርቴን በላስቲክ ጠቅልለሽ የኮቴ ገበር ውስጥ፣ ከብብቴ ሥር፣ በድርብ ክር ሰፍተሽ፣ እንግዲህ ሌባው ይምጣ ብለሽ በመዳፍሽ መታ መታ አድርገሽ ነበር የሸኘሽኝ። ሌባውስ አልመጣም። የመጣው የመጀመሪያው ባንኮኒ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ነው። ፓስፖርት ሲለኝ ብብቴን አሳየሁት። ሰውዬው አሞኛል የምለው መስሎት ወንበር አስመጣልኝ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ሲጀምር አንዲት ፈታሽ ነገሩ ገብቷት ወደ መጋረጃ ጀርባ ወሰደችኝ፤ ግን እዚያ መቀስ የሚባል ነገር የለም። ክርሽ ደግሞ በጥርስም በጥፍርም እንቢ አለ። በመጨረሻ በቤቷ ቁልፍ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጋ ገበሩን ከላይ እስከ ታች ተረተረችው። ሰው ሲስቅ ይሰማኛል። እኔ ያለቀስኩት ስለሳቁብኝ አልነበረም። አንቺ የሰፋሽው ሲቀደድ ሳይ ነው ከቤት መውጣቴ እውነት መሆኑ የገባኝ። በመንገድሽ ላይ ወረቀት አምጪ የሚልሽ ሰው አንድ ሁለት አይደለምና ካንገትሽ የምትንጠለጠል ትንሽ ቦርሳ ስፊና እሷ ውስጥ ያዢው።

ቀጥሎ ፍተሻ ነው። ጫማሽን አውልቂ ይሉሻል፣ ስለዚህ ካልሲሽ የተቀደደ እንዳይሆን። ሰዓትሽንና ሳንቲምሽን ሳጥን ውስጥ ታስቀምጫለሽ። ደረትሽ ላይ ሰክተሽ የምትረሻቸውን መርፌዎች ከቤት ሳትወጪ ሚጣ ትልቀምልሽ፤ አለዚያ ማሽኑ ይጮህና የሙሽሪት እናት እያዩሽ እጅሽን ዘርግተሽ ትፈተሻለሽ። የጉልበትሽን ቅባት ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ክተቺው፣ በእጅ ከያዝሽው ይጥሉብሻል።

ወንበርሽ በቁጥርና በፊደል ነው የሚታወቀው። በመስኮት በኩል ከደረሰሽ የሙሽሪት እናት እንቀያየር ቢሉሽ እሺ እንዳትዪ። ሲነሣ አውሮፕላኑ ጩኸቱን ይለቀዋል፣ ጀርባሽ ከወንበሩ ይጣበቃል፣ ሆድሽ ታች የቀረ ይመስልሻል። ይኸው ነው፣ ከዚያ የባሰ ነገር አይመጣም። ጆሮሽ ድፍን ሲል ምራቅሽን ዋጥ ዋጥ አድርጊ። ክንፉ ሲወዛወዝ ብታዪ ሊሰበር አይደለም፣ አሠራሩ እንዲያ ነው። ደመና ውስጥ ሲገባ ኮረኮንች ላይ እንደወጣ አውቶቡስ ይንገጫገጫል። ይበርዳል፣ ሹራብሽን ከእጅሽ አትለዪው። እግርሽ ያብጣልና ጫማሽን ላላ አድርጊው። ሲያርፍ መሬቱን ጓ ያደርገዋል፤ ያኔ ሰው ሁሉ ገና ሳይቆም ተነሥቶ ይጋፋል፣ አንቺ ቁጭ በይ፣ ማንም ጥሎሽ አይሄድም።

ቀበቶ እሰሩ የሚለው መብራት ሲጠፋ መፍታት ይቻላል። ይህን የነገረኝ ስላልነበረ እኔ ስድስት ሰዓት ሙሉ ታስሬ ሽንቴን ይዤ መጣሁ። ምግቡም ከቲኬቱ ጋር የታሰበ ነው። እኔ ኋላ ክፈይ ይሉኛል ብዬ ጠግቤአለሁ አልኩ፤ ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ የእኔንም ጨምሮ ሲበላ እያየሁ ምራቄን ስውጥ ቆየሁ። ለጆሮዬ በጀኝ። የሽንት ቤቱ በር መሐሉ ላይ ነው የሚታጠፈው፣ ግፊው እንጂ አትሳቢው። ውኃው ሲለቀቅ እንደ አውሬ ይጮኻል፣ ሊውጥሽ ግን አይደለም። የአውሮፕላን ሽንት ቤት እንደ እኔ የሚያውቅ የለም፣ በቀን ሠላሳውን አጥባለሁ።

ከራስሽ በላይ የሰው ምስል ያለባት ቁልፍ አለች። ስትጫኛት አስተናጋጇ ትመጣለች። ፀጉሯ ተጠቅልሎ፣ ከንፈሯ ተቀብቶ፣ ሳቅ ብላ ምን ልታዘዝ ትልሻለች። ደህና አድርገሽ እያት እማዬ። ስምንት ዓመት ሙሉ ልጄ ናት እያልሽ ስታወሪ የኖርሽው ያቺን ነው። ሚጣ፣ እዚህ ጋ ድምፅሽን እንዳትቀንሺ።

ነገሩ ከፎቶው ነው የጀመረው። ጽዳቱን በጀመርኩ በዓመቱ አንዷ ጓደኛዬ የአውሮፕላኑ በር ላይ አቁማ አነሣችኝ። በርዶኝ ስለነበር ከቱታዬ በላይ ጥቁር ኮት ደርቤአለሁ፣ አንገቴ ላይም ቀይ ሻርፕ ነበረ። ብልክልሽ አንቺ በመስታወት አሠርተሽ ስፌት ክፍሉ ውስጥ ከማሽኑ በላይ ሰቀልሽው። ደንበኛ ሁሉ ሲለካ ወደዚያ ነው የሚያየው። አንዲት ሴትዮ አስተናጋጅ ናት እንዴ ስትልሽ ዝም አልሽ። ዝምታሽ ሰፈሩን ሲዞር ሰንብቶ ወሬ ሆነ፣ ከዚያ አንቺም ራስሽ ማውራት ጀመርሽ። እኔ የሰማሁት ጎረቤታችን አናጢው ደውሎ ልጄን አስተናጋጅነት አስቀጥሪልኝ ሲለኝ ነው። የዚያኑ ቀን ደወልኩልሽ። እማዬ እኔ የማጸዳ ሰው ነኝ፣ ወንበርና ሽንት ቤት ነው የምጠርገው አልኩሽ። ያው አውሮፕላን ውስጥ አይደል ወይ ብለሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ፣ ምን አውቄ።

ሥራዬን ጠይቀሽኝ ስለማታውቂ ልንገርሽ። አንድ አውሮፕላን አርፎ ሰው ከወረደለት በኋላ ቀጣዩ መንገደኛ እስኪገባ ሃያ አምስት ደቂቃ አለን። አሥራ ሁለት ሆነን በኋላው በር እንገባለን፣ እያንዳንዳችን የየራሳችን ረድፍ አለን። የወንበሩን ኪስ በእጃችን እንዳብሳለን፣ ጠረጴዛውን እንወለውላለን፣ ብርድ ልብሱን እንሰበስባለን። ትውከት፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅ፣ ግማሹ የተነከሰ ዳቦ፣ ምን ያላየሁት አለ። አንዴ የአንድ ሽማግሌ ሰው ሠራሽ ጥርስ ብርጭቆ ውስጥ አግኝቼ ኮሪደሩን በሩጫ አቋርጬ አድርሼላቸዋለሁ። አዲሶቹ በፊት በር ሲገቡ እኛ ከነጆንያችን በኋላው እንወርዳለን፣ አንተያይም። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስገባና ስወጣ፣ ከመጣሁባት ቀን ወዲህ አንድም ቀን አብሬ ተነሥቼ አላውቅም። ቢሆንም በሥራዬ አላፍርም። ተቆጣጣሪያችን የሌላውን ረድፍ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ የእኔን ሳያይ ያልፈዋል።

አንቺ የማታውቂውን ወንድ ሱሪ መቀመጫውን ስትጠግኚ አፍረሽ ታውቂያለሽ? የሰው ላብ ያጨቀየውን ኮሌታ ስትገለብጪ ስናይ ነው ያደግነው። ወንድሜ የተማረው በዚያ ነው። እጄ ሥራ ያውቃል ብለሽ ደረትሽን ነፍተሽ ነበር የምትናገሪው። የእኔ እጅ ሲሆን ምን ተገኘበት?

ይኼ ብቻ ቢሆን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር፣ የእናት ነገር ነው ብዬ አልፈው ነበር። ግን ሁለት ጊዜ ልመጣ ፈቃድ ወስጄ ነበር፣ ታስታውሻለሽ። የመጀመሪያው ጊዜ ቤቱ እየታደሰ ነው፣ የምትተኚበት የለም፣ ለከርሞ ይሁን አልሽኝ። መሬት ላይ እተኛለሁ ስልሽ ተቆጣሽ። ሁለተኛው ወንድሜና የሙሽሪት ቤተሰቦች የተዋወቁ ጊዜ ነው። ቤቱ በእንግዳ ይጨናነቃል፣ ሲረጋጋ ትመጫለሽ አልሽ። እኔ ሞኟ ለድካሜ ያሰብሽልኝ መስሎኝ ሻንጣዬን መልሼ ፈታሁ። ወንድሜ አሁን እንደነገረኝ የዚያን ቀን ለሙሽሪት እናት ሴት ልጄ በረራ ላይ ናት ብለሻቸዋል። ያኔ ነው ሁሉንም የገጣጠምኩት። የጠበበው ቤቱ አልነበረም። መጥቼ ሰው ሥራሽ ምንድነው ሲለኝ እውነቱን እንዳልናገር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዐይንሽን ሳላየው ልሞት ነው እያልሽ ስታለቅሺልኝ፣ ያስቀረኝ ማን እንደሆነ ታውቂ ነበር። ቆሽቴ አረረ እማዬ። ጠላት ቢያደርገው እችለው ነበር።

ወደ ሠርጉም የጠራኝ የለም። ወንድሜ የመግቢያ ወረቀቱ ላንቺ ያስቸግራል አለኝ፤ ወረቀቱን ጠይቆ እንደማያውቅ ድምፁ ያስታውቃል። እሱንስ ተውኩት።

አንቺ የምታልፊበትን ቀን ግን ያዝኩት። አውሮፕላንሽ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ያርፋል። እኛ አውሮፕላን ውስጥ የምናጸዳው መንገደኛ የሚቀመጥበት አዳራሽ መግባት አይፈቀድልንም፣ እሱን የሚጠርጉት ሌሎች ናቸው። ከእነሱ ከአንዷ ጋር ፈረቃ ተቀያየርኩ። እሷ ያን አንድ ቀን በእኔ ቦታ ትገባለች፣ እኔ አራት እሑድ በእሷ ቦታ እገባላታለሁ። አለቃችን ለምን ሲለኝ እናቴ ልታልፍ ነው፣ ካየኋት አሥራ አንድ ዓመቴ ነው አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይጠይቀኝ ፈረመ። አንዷ የክፍሌ ልጅ ቱታሽን እኔ እተኩስልሻለሁ ብላለች። ሌላዋ እናትሽ እጅሽን ሲይዙ እንዳይሻክራቸው ብላ የእጅ ቅባት ሰጥታኛለች። እነሱ እናት ልጇን ስታገኝ ምን እንደምትሆን ነው የሚያስቡት፣ እኔም ሌላውን አልነገርኳቸውም።

ከአውሮፕላኑ ስትወርጂ ሰው ሁሉ የሄደበትን አትከተይ፣ ግማሹ ወደ መውጫው ነው የሚሄደው። ቢጫውን ሰሌዳ ተከተይ። የሚንቀሳቀስ ደረጃ ጋ ስትደርሺ ጉልበቴን ብለሽ አትቁሚ፣ መደገፊያውን ያዢና በአንድ እግርሽ ግቢበት። እንደገና ትፈተሻላችሁ፣ ከዚያ ሰፊ አዳራሽ አለ። ከመጠጥ ውኃው ቧንቧ ጎን ያሉት ወንበሮች ለስላሳ ናቸው፣ እዚያ ተቀመጪ። እኔ በዚያው አካባቢ ጋሪዬን እየገፋሁ እጠርጋለሁ። የምለብሰው ሰማያዊ ቱታ ነው፣ ጀርባው ላይ ጽዳት የሚል በትልቁ ተጽፎበታል። ላወልቀው አልችልም፣ ያለ ደንብ ልብስ ከተገኘሁ እባረራለሁ። ከመንገደኛ ጋር መቀመጥም ክልክል ነው። ቆሜ ነው የማይሽ።

ከዚህ በታች ትናንት የጻፍኩልሽ ሌላ ነበር። የሙሽሪት እናት ምንም እንዳያውቁ ልጄ አትበይኝ ብዬሽ ነበር። እንደማንኛዋም ጠራጊ ቀረብ እልና እትዬ፣ ሽንት ቤቱ በዚህ ነው እልሻለሁ፤ አንቺ ትከተይኛለሽ፤ እዚያ አንድ ደቂቃ ታቅፊኛለሽ፤ ፊትሽን ታጥበሽ ትመለሻለሽ ብዬ ሁሉን አሰናድቼልሽ ነበር። ሰው የማይበዛበትን ሽንት ቤት ሳይቀር መርጬ ነበር። ዛሬ ጠዋት አነበብኩትና ያን ገጽ ቀደድኩት። ይኼን ሁሉ ዓመት ጠብቄ እናቴን እንደ ሌባ ተደብቄ አላቅፍም።

ስለዚህ የማደርገውን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ኋላ ድንገት ሆነብኝ እንዳትይ። ስትቀመጪ እመጣለሁ። መጥረጊያዬን ጋሪው ላይ አደርጋለሁ። የሙሽሪት እናት ጎንሽ ቢኖሩም ባይኖሩም፣ ሰው በሚሰማው ድምፅ እማዬ ብዬ እጠራሻለሁ። የምጠራሽ አንዴ ነው። ቀና ካልሽ አለሁ። አንገትሽን ደፍተሽ ቦርሳሽን መፈለግ ከጀመርሽ፣ መጥረጊያዬን አነሣና እግርዎን ያንሡልኝ እልሻለሁ። ከሥርሽ ጠርጌ አልፋለሁ። ከዚያ ወዲያ ስልክም ደብዳቤም ከእኔ አትጠብቂ።

ሚጣ፣ በርቺ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ።

አጎቴን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ ሲጋራውን እንዲተው ንገሪልኝ፣ እንደማይሰማሽ ባውቅም። ሚጣዬን ስላነበበችልኝ እቀፊያት፣ አትቆጪያት፣ እሷ አፍ ብቻ ናት፣ ነገሩ የእኔ ነው። አናጢውን ጎረቤታችንን ልጁን ማስቀጠር ያልቻልኩበትን ምክንያት ራስሽ ንገሪው። ወንድሜን ስትደርሺ በእኔ ስም ሳሚው፣ ትዳሩ ይመርለት፤ ትንሽ ነው የተቀየምኩት። ለሙሽሪት እናትም ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ከማን ነው ካሉሽ፣ መልሱን እዚህ እስክትደርሺ አስቢበት።

የበኩር ልጅሽ

ከጽዳት ሠራተኞች መኖሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል ካለው አልጋ
መጋቢት 19 ቀን